ላብሽ አለ?

ሰበታ ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤
ሰርቪሱ ሲጭነን ጥርስ ይንቀጫቀጫል።
ማን ያምናል፣ በዚህ ብርድ፣
ከሦስት ሰዓት በኋላ እሳት እንደሚነድ?

ከአስፋልቱ ባሻገር፣
ላስቲክ ቤቱ አለ፣ የጽጌረዳ አገር።
ጣሪያው ላስቲክ፣ ግድግዳው ላስቲክ፣ ሰማዩም ላስቲክ ነው፤
ፀሐይ ገብታ መውጫ የምታጣው እዚያ ነው።
ውሃ ተረጭቶ አፈሩ ሲተነፍስ፣
አየሩ ይከብዳል እንደ እርጥብ ልብስ።
ሙቀት አይባልም፤ ሙቀትስ ያልፋል፤
ወበቅ ነው ስሙ፤ ደረት ላይ ወጥቶ ያርፋል።

አበባው እድለኛ ነው። ሲቆረጥ ባልዲ ይቀበለዋል፣
አንገቱን እንዳይደፋ ቀዝቃዛ ክፍል ያስተኙታል።
እኛ ግን ቆራጮቹ
እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ነን፣ ከእሾሁ ጋር፣ ከቅጠሎቹ።

ነጂባ የድሬ ልጅ ናት፣ የከዚራ ሰፈር፤
ሙቀትን ታውቀዋለች እንደ ጎረቤት ነገር።
«እኛ ዘንድ» ትላለች፣ «ሙቀት ትልቅ ሰው ነው፤
ቀትር ላይ ሲመጣ ሥራ አቁመን የምንነሣለት ነው።
እናንተ ደገኞች አታውቁትም፣ ስለማታውቁትም ትንቁታላችሁ፤
የተናቀ እንግዳ ቤት አፍርሶ ነው የሚሄድ፣ ተጠንቀቁ እባካችሁ።
ጥም ደብዳቤ ነው፤ ሲደርስሽ ዘግይቷል፤
ሳይጽፍልሽ ጠጪ፤ ሻሽሽንም አርጥቢው፣ ውሃ ምን ይጎዳል?»

መጠጣቱስ ጥሩ፤ መውጣቱ ነው ችግሩ።
ሽንት ቤቱ ማዶ ነው፣ ከባሕር ዛፉ ሥሩ፤
አለቃችን ደርቤ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይጠብቃል፣
ሄደሽ እስክትመለሺ ደቂቃሽን ያውቃል።
እና ሃይላንዳችን ሙሉውን ይውላል፣ እንደ ጌጥ፣
ከንፈራችን እየተሰነጠቀ፣ ስንቆርጥ፣ ስንቆርጥ።

ዓይናዲስ ከመንዝ ናት። ብርድ ነው ሞግዚቷ።
ሹራቧን አታወልቅም፤ የሠራችላት እናቷ።
«ሰው የሚገድል ብርድ ነው፣ ሙቀትማ ምን ያደርጋል» ትላለች፤
የግንቦት ፀሐይ ከላስቲኩ በላይ ቆማ ትሰማለች።

ያን ቀን ካፊያ ጣል አርጎ ሄደ፤
ላስቲኩ እንደ ድስት ተከድኖ ነደደ።
ከጎኔ መስመር ላይ ዘለላ ስትቆጥር ሰማኋት፦
«ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ።» ቁጥሩ አልሻገር አላት።
ከዚያ ሳቀች። ለማንም አልነበረም ሳቁ።
ፊቷ ቀላ፤ ዓይኖቿ ግን ራቁ።

ነጂባ መቀሷን ጣለች፤ ግንባሯን ዳሰሰች።
«ላብሽ የታለ? ላብሽ የት ሄደ?» ጮኸች።
ግንባሯ ደረቅ ነበር፣ እንደ ቀትር ድንጋይ የሚፋጅ፤
አንገቷን ደፋች፤ ተሸከምናት ወደ ደጅ።

አንዷ «ለክፏት ነው!» አለች፤ ሌላዋ «ጸበል አምጡ!»
«ጸበሉም ውሃ ነው፣ አፍስሱት! ጀሪካኑንም ገልብጡ!»
አለች ነጂባ። የእናቷን ሹራብ በእኔ መቀስ ሸረከተችው፤
አንገቷን፣ ብብቷን፣ እግሯን በውሃ አራሰችው።
በአበባ ካርቶን አራገብን፣ ጥላው ሥር ከብበን፤
ውሃ ልናጠጣት ስንል፣
«ስሟን ሳትነግረኝ ጠብታ እንዳይገባ!» ብላ ከለከለችን።

ደርቤ መኪናውን አስነሣ።
እስክሪብቶው ከጆሮው ወደቀ። አላነሣውም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ነው አሉ፣
«ዓ... ይ... ናዲስ» ያለችው፣ ተቆራርጦ ፊደሉ።

በሳምንቱ መጣች፤ ያለ ሹራብ፣ ሃይላንዷ ተጋምሶ።
ቀትር ላይ አሁን የላስቲኩ ጎን ይጠቀለላል፣ ነፋስ ይገባል ደርሶ።
የመውጫው ደብተር ግን ዛሬም ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤
ደርቤ አንዳንዴ ያየዋል፤ አንዳንዴ እንዳላየ ያልፋል።

ሰላምታችን ተቀየረ። «እንዴት ዋልሽ» ቀረ።
በቅጠሉ መሀል፣ ከመስመር መስመር፣ ሌላ ጥሪ ጀመረ፦

«ላብሽ አለ?»
«አለ!»
«ዓይናዲስ፣ ላብሽ አለ?»
«አለ፤ ላቡስ መች ጠፋ፣ ዋጋው ነው የሌለ!»

እንስቃለን።
መጀመሪያ ግን እንጠጣለን።